ንጹሕ መኪና፣ የቡዳ ማረሻ

ኒዮዲሚየም ብቻውን ማግኔት አይደለም። ስሙን ከማግኔት ጋር አያይዞ የሰማ ሰው ይህን ሲያውቅ ይገረማል። ንጹሑን ብረት እጃችሁ ላይ ብታስቀምጡት ብርማ መልክ ያለው፣ ብዙም የማያስደንቅ ነገር ነው፤ ምስማር አያነሳም። አየር ላይ ከተተወ ቶሎ ይደበዝዛል፣ ቆይቶም እየተቀረፈ ይረግፋል። ኃይሉ የሚመጣው ከሌሎች ጋር ሲዋሐድ ነው፦ ሁለት አተም ኒዮዲሚየም፣ አሥራ አራት አተም ተራ ብረት፣ አንድ አተም ቦሮን። ይህን ቅንብር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጃፓን ውስጥ ማሳቶ ሳጋዋ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ጆን ክሮት፣ ሳይመካከሩ በየፊናቸው ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል፤ በገበያ ላይ ከእሱ የሚበረታ ቋሚ ማግኔት ገና አልመጣም።

ይህን ጽሑፍ በስልክ እያነበባችሁ ከሆነ አጠገባችሁ ነው ያለው። ድምፅ ማጉያው ውስጥ አለ። ሳይለንት ስታደርጉት የሚያንዘፈዝፈው ሚጢጢ ሞተር ውስጥ አለ። ጆሯችሁ ላይ ኤርፎን ካለም እዚያ አለ።

ጎንደር ላይ ያደገ የኔ ዕድሜ ልጅ ማግኔትን ያወቀው ከተበላሸ ቴፕ ነው። የድምፅ ማጉያውን ጀርባ በድንጋይ ቀጥቅጠን የምናወጣት ጥቁር ቀለበት ነበረች። በክር አስረን አቧራ ላይ ስንጎትታት ጥቁር የብረት ብናኝ እንደ ጢም አብቅላ ትመለሳለች። ያቺ ፌራይት ትባላለች፤ በአብዛኛው ከብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ከዝገት ዘመድ፣ የምትሠራ ርካሽ ማግኔት ናት። የኒዮዲሚየሙ ማግኔት በተመሳሳይ መጠን ከእሷ አሥር እጥፍ ገደማ ጉልበት ይይዛል። ኤርፎን ጆሮ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በፌራይት ቢሠራ ኖሮ ያንን ቀለበት ጆሯችን ላይ አንጠልጥለን እንሄድ ነበር።

ነገሩ ከስልክ በላይ ነው። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ሞተራቸው ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ የሚሆን የዚህ ዓይነት ማግኔት አላቸው (ሁሉም አይደሉም፤ ያለ ማግኔት የሚሠሩ ሞተሮችም አሉ)። ማግኔቱ ሙቀት አይወድም። ተራው ዓይነት 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መድከም ይጀምራል፤ ስለዚህ ለመኪና የሚሆነው ላይ ዲስፕሮሲየም የሚባል ሌላ፣ ይበልጥ ውድ የሆነ ዘመዱ ይጨመርበታል። አዳማ አንድ የሚባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ የቆሙት 34 ተርባይኖች ማርሽ ሳጥን የሌላቸው፣ በቋሚ ማግኔት የሚያመነጩ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ተርባይን ለአንድ ሜጋዋት 600 ኪሎ ገደማ ማግኔት ይፈልጋል ተብሎ ይገመታል። ማመንጫው 51 ሜጋዋት ነው። ማባዛቱን ስትጨርሱ እዚያ ኮረብታ ላይ ወደ 30 ቶን ማግኔት ነፋስ እየተቀበለ ቆሟል ማለት ነው። የአባይ ግድብ ጄኔሬተሮች ግን መግነጢሳቸውን የሚያገኙት ከመዳብ ጥቅል ስለሆነ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲሰማ ብዙዎቻችን ቀልድ መስሎን ነበር። ዓለም ላይ ቀድሞ እንዲህ ያደረገ አገር አልነበረም። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ባትሪ መኪና ሲያልፍ ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። ጎንደር ገና ነው፤ ባጃጁ አሁንም ቤንዚን ነው የሚጠጣው፣ ቤንዚኑም ከማደያው ይልቅ በሃይላንድ ላስቲክ መንገድ ዳር ይገኛል። ቢሆንም ወሬው ደርሷል። «ንጹሕ መኪና» የሚለው ቃልም አብሮ ደርሷል። ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ በራሳችን ውኃ በሚመነጭ መብራት ይሄዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ቃሏ ናት። አንድ ነገር ንጹሕ ነው ስንል ምን ማለታችን ነው? ቆሻሻ የለውም ነው ወይስ ቆሻሻው እዚህ የለም ነው?

ኒዮዲሚየም ሬር ኧርዝ ከሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ስማቸው «ብርቅዬ» ይበል እንጂ ብርቅ አይደሉም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ኒዮዲሚየም ከእርሳስ ይበልጣል። ችግሩ ተሰብስቦ አለመገኘቱና ከወንድሞቹ ጋር ተጣብቆ መኖሩ ነው። ሬር ኧርዞች በኬሚስትሪ ባሕርያቸው መንታ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንዲያውም ስሙ ራሱ በግሪክኛ «አዲሱ መንታ» ማለት ነው። ኬሚስቶች ለአርባ ዓመት ያህል ዲዲሚየም የሚባል አንድ ንጥረ ነገር አለ ብለው ሲያምኑ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ካርል አወር ፎን ቬልስባህ የሚባል ኦስትሪያዊ ያንን «አንድ» ነገር ደጋግሞ በማጥራት ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ ፕራሲዮዲሚየም፣ ሌላው ኒዮዲሚየም ሆነ። እስከ ዛሬም ሥራው ያው መለየት ነው። ድንጋዩ ይፈጫል፣ በአሲድ ይቀቀላል፣ ከዚያ ፈሳሹ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገንዳዎች ውስጥ አንዱን ከሌላው በጥቂት በጥቂቱ እያራቀ ያልፋል። ከድንጋዩ ጋር ብዙ ጊዜ ቶሪየም የሚባል ጨረር ያለው ነገር አብሮ ይወጣል። የሚፈለገው ተወስዶ ሲያበቃ አሲዱ፣ ጭቃውና ቶሪየሙ የሆነ ሰፈር አጠገብ መቅረት አለባቸው።

ያ ሰፈር አድራሻ አለው። በቻይና ሰሜናዊ ግዛት፣ ውስጣዊ ሞንጎሊያ፣ ባያን ኦቦ የሚባል ግዙፍ ማዕድን አለ፤ ድንጋዩ የሚጣራው ባውቱ ከተማ ነው። ከከተማዋ ዳር የማጣሪያው ዝቃጭ የሚጠራቀምበት፣ ስፋቱ አሥር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ግድብ አለ። በዙሪያው የነበሩ ገበሬዎች እርሻቸውና ከብታቸው እንደተጎዳ ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል፤ ቀያቸውን የለቀቁም አሉ። (ባያን ኦቦ የተራ ብረት ማዕድንም ስለሆነ ዝቃጩን ሁሉ በኒዮዲሚየም ማሳበብ ፍትሕ አይደለም።) ቻይናን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። ከዚያ በፊት የዓለም ሬር ኧርዝ በአብዛኛው የሚወጣው ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንቴን ፓስ ከሚባል ቦታ ነበር። እዚያ በ1990ዎቹ ቆሻሻ ውኃ የሚያስወግደው ቱቦ ደጋግሞ አፈሰሰ፣ ጥያቄ ተነሳ፣ ወጪው ናረ፣ በዋጋም የቻይናን መቋቋም አቃተው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተዘጋ። አሜሪካኖች ማግኔት መጠቀም ግን አላቆሙም። ዛሬ ዓለም ከሚያጣራው ሬር ኧርዝ ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚጣራው ቻይና ነው።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ወደ ካሊፎርኒያም ወደ ባውቱም አልነበረም። ወደ ወለቃ ነው።

ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ያለች መንደር ናት። ቱሪስት ከጎበኛችሁ አይታችኋታል፤ መንገድ ዳር የሸክላ ምስል የሚሸጥባት ናት። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሌሎች «ፈላሻ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር፤ ራሳቸው የማይወዱት ስም ነው። አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው ወይም በእጅ ሥራ ይኖሩ ነበር። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። የጎንደር ቤተ መንግሥታት ሲገነቡም በግንበኝነትና በአናጢነት እንደሠሩ የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ። በሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ከዳባት እስከ ጃናሞራ፣ ሞፈሩን ገበሬው ራሱ ይጠርባል፤ ማረሻውን ግን ራሱ አይሠራም። ማረሻ ከሌለ ገብስ የለም፣ ጤፍ የለም፣ ባቄላ የለም። የደጋው ሰው እንጀራ በቀጥቃጩ እጅ ላይ ነበር።

ቀጥቃጩ ደግሞ ቡዳ ነው ተባለ። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ተባለ። ልጅ ሲታመም፣ ላም ወተቷ ሲነጥፍ፣ ጣት ወደ ወናፉ ቤት ይጠቁማል። ይህ በቤተ እስራኤል ብቻ የወደቀ ዕጣ አልነበረም። በሌላው አገርም ብረት ሠሪውን «ጠይብ» እያለ፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያለ የሚሳደብ ሞልቶ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ የቱን ያህል እንደሠራ ለማወቅ መንደር ወርዶ አንድ ሽማግሌ መጠየቅ ይበቃል።

አያቴ የዳባት ሰው ናት። ማረሻ ከቤተ እስራኤል ሰው ይገዛ እንደነበር፣ ጀበናና ምጣድም ከሚስቱ እንደሚመጣ ትናገራለች። ሰውየውን በስም ታውቀዋለች፣ ልጆቹንም ትቆጥራለች። ቤቱ ገብታ በልታ ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች።

«ምን ነካህ የኔ ልጅ፣ ከቡዳ ቤት ይበላል እንዴ?»

«ማረሻውስ?»

«ማረሻውማ ብረት ነው፤ ብረት ምን ያደርጋል?»

ይህች መልስ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ብረቱ እሳቱ ውስጥ ሲያልፍ ይነጻል፤ ሰውየው እዚያው እሳት አጠገብ ሲኖር ይረክሳል። ሥራው አንድ፣ እሳቱ አንድ፣ ውጤቱ ሁለት። ዕቃው ወደኛ ሲመጣ ርኩሰቱ ከሠሪው ጋር ይቀራል። (በነገራችን ላይ መራቁ ከሁለቱም ወገን ነበር፤ ቤተ እስራኤል በሕጋቸው መሠረት ከሌላ ሰው ጋር ሲነካኩ ይታጠቡ ስለነበር «አትንኩኝ» የሚልም ስም ወጥቶላቸዋል። ግን መሬቱና ዳኝነቱ በአንዱ ወገን እጅ ነበር።)

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውና፦ አያቴ ያጠፋችው ምኑ ላይ ነው? ማረሻውን መግዛቷ ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ባትገዛ ኖሮ እሷም ትራባለች፣ ቀጥቃጩም ይራባል። ፍርሃቷ ላይ ነው እንዳልል ደግሞ ፍርሃቱን እሷ አልፈጠረችውም፤ እንደ ቋንቋ የወረሰችው ነው። ጥፋቱ ያለው ሒሳቡ ላይ ይመስለኛል። ከማረሻው ዋጋ ውስጥ አንድ ነገር ሳይከፈል ቀርቷል። በከሰል ጭስ የተቃጠለ ዓይን፣ ርስት የሌለው ኑሮ፣ ልጅ በታመመ ቁጥር የሚመጣ ክስ፤ ይህ ሁሉ የማረሻው ዋጋ አካል ነበር። ያንን ላለመክፈል ቀላሉ ዘዴ ከፋዩን ሰው አይደለም ማለት ነው። ከጅብ ጋር የሒሳብ ዝርዝር ማን ይይዛል?

አሁን ወደኛ ልመልሰው። አዲስ አበባ ላይ ባትሪ መኪና የገዛ ሰው የባውቱን ገበሬ ቡዳ አይለውም። በፍጹም። ምንም አይለውም፣ መኖሩንም አያውቅም። እዚህ ላይ ሐሳቤ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ እኛ ከአያቴ የተሻልን መስሎኝ ነበር፤ አንሳደብም፣ ጅብ ይሆናል አንልም። ስቆይ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ቡዳ ነው ብሎ መፍራት ቢያንስ ሰውየው እንዳለ ማመን ነው። አያቴ ብትበድለውም በስሙ ጠርታ ነው። እሱም እምቢ ማለት ይችላል፤ ማረሻውን ሊያዘገይ፣ ዋጋ ሊጨምር፣ ሊራገም ይችላል። ደግሞ መሄድ ይችል ነበር፣ ሄደም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በኋላም ግንቦት 1983 ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደ። አያቴ ያንን ጊዜ የምታስታውሰው በፖለቲካው አይደለም። «ማረሻ የሚያሾል ጠፋ» ብላ ነው የምታስታውሰው።

የባውቱ ገበሬ በኛ ላይ እንዲህ ያለ አቅም የለውም። በእሱና በእኛ መካከል ማጣሪያ፣ የማግኔት ፋብሪካ፣ የሞተር ፋብሪካ፣ የመኪና ፋብሪካ፣ መርከብ፣ የጅቡቲ ወደብ፣ አስመጪና ሾውሩም አለ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጭቃው ትንሽ ትንሽ እየተራገፈ ይመጣል። ሾውሩም ሲደርስ ላስቲኩ ያልተላቀቀ ነጭ ወንበር ነው።

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ነገር ከሌላው ቀድሞ ሊገባው ይገባ ነበር። እኛ የምንጽፈው ኮድ ከምንጠቀመው ኮድ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። አንድ ላይብረሪ ትጠራለህ፣ እሱ ሃያ ይጠራል፣ ሃያዎቹ ደግሞ ሦስት መቶ። ማን እንደጻፋቸው አታውቅም። ምናልባት የሆነ አገር ውስጥ ማታ ማታ ያለክፍያ የሚጠግን አንድ የደከመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ፕሮግራመር ተናዶ 11 መስመር የምትሆን ኮዱን ከኢንተርኔት ሲያነሳት በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ፕሮጀክት ቆመ። ያን ቀን ነው ብዙ ድርጅት ሰውየው መኖሩን ያወቀው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ቻይና በሰባት ሬር ኧርዞች ላይ፣ ዲስፕሮሲየምን ጨምሮ፣ የኤክስፖርት ቁጥጥር ስታውጅም የመኪና ፋብሪካዎች የደነገጡት እንደዚያው ነው። ዳባት ላይ ማረሻ የሚያሾል ሲጠፋ እንደተደነገጠው ማለት ነው። የተደገፍንበትን ነገር የምናየው ሲነሳ ነው። ልዩነቱ እኛ ኮድ ላይ ቢያንስ ዝርዝር አለን፤ አንድ ፕሮጀክት የተደገፈባቸውን ሁሉ የሚዘረዝር ፋይል አለ፣ ከፍቶ ማየት ነው። ለመኪና እንዲህ ዓይነት ፋይል ለገዢ አይሰጥም።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ቆጣ አለ። «እና ወደ ናፍጣ እንመለስ ነው የምትለው? ነዳጅስ ከየት የሚመጣ መሰለህ፣ ከገነት?» ትክክል ነው። የኒጀር ዴልታ ዓሣ አጥማጅ በድፍድፍ ነዳጅ የተበከለ ውኃ ይዞ ይኖራል። የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጭስ ደግሞ የሚቀረው ሩቅ አገር ሳይሆን የራሳችን ልጆች ሳንባ ውስጥ ነው። አንድ መኪና ዕድሜውን ሙሉ ከሚያቃጥለው በቶን የሚቆጠር ነዳጅ ጋር ሁለት ኪሎ ማግኔት ቢወዳደር እኔም ማግኔቱን ነው የምመርጠው። በዚያ ላይ ይላል ጓደኛዬ፣ ድሃ አገር ስለ ባውቱ የመጨነቅ ግዴታ የለበትም፤ መጀመሪያ ሀብታሞቹ ይጨነቁ። ይህችኛዋን ግን አልተቀበልኩትም። የዳባት ገበሬም እኮ ሀብታም አልነበረም። ድሃ ነበር፤ ከእሱ የባሰ ድሃ ስለነበረ ግን የሚረግጠው አላጣም።

ደግሞ ነገ ባውቱ እኛው ጋ ልትሆን ትችላለች። በጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ፣ የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን አለ። ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ኬሚካል ሰውንና ከብትን ጎዳ ብለው ለዓመታት አቤት ሲሉ ቆይተው፣ በ2010 ዓ.ም. ተቃውሞው ሲበረታ መንግሥት ፈቃዱን አግዶ ነበር፤ በኋላ ሥራው ቀጥሏል። አዲስ አበባ ላይ ሆነን የወርቅ ቀለበት ስናስር ሻኪሶን ስንቶቻችን አሰብን? ለዚያ ሩቅ መሆን አላስፈለገም፤ ያው አንድ አገር ነው፣ በመኪና የሚደረስ። ቡሩንዲም ጋካራ የሚባል የሬር ኧርዝ ማዕድን ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መንግሥቷ አገሪቱ ተገቢውን ጥቅም አላገኘችም ብሎ አስቆመው። ሰዎቹ ቢያንስ ሒሳቡን ቆጥረዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚለው እኔ ሁለት መልሶችን አልወድም። አንደኛው ስልኬን እጥላለሁ የሚለው ነው። እኛ አገር ጾም የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይህ መልስ ቶሎ ይማርከናል፤ አለመንካት መንጻት ይመስለናል። ግን ስልኬን ብጥል የምነጻው እኔ ነኝ። ባውቱ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። አያቴም ማረሻውን እምቢ ብትል ኖሮ ለቀጥቃጩ ጠብ የሚልለት ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ነገር ቆሻሻ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚለው ነው። ይህ ብልጥነት የመሰለ ስንፍና ነው።

የዚያ የቀጥቃጩ ዓለም ግን አንድ ነገር ነበረው፣ እኛ የጣልነው። ብረት አይሞትም ነበር። ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ወናፉ ይመለሳል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይሾላል። በጣም ሲያልቅ ማጭድ ይሆናል፣ ማጭዱ ሲያልቅ ቢላዋ፣ ቢላዋው ወስፌ። ሰውየውን ንቀውት እንኳ ሥራውን ያባከነ የለም። የኛ ማግኔት በዚህ መንገድ አይሄድም። በዓለም ላይ ካገለገለ ዕቃ ውስጥ ወጥቶ ተመልሶ ጥቅም ላይ የሚውለው ሬር ኧርዝ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ሲባል ቆይቷል። ምክንያቱ ማግኔቱ ስለሚበላሽ አይደለም። ካልሞቀና ካልዛገ ኒዮዲሚየም ማግኔት ከኔም ከእናንተም በላይ ይኖራል። ትንሽ ስለሆነ፣ በሙጫ ስለተጣበቀ፣ ፈልቅቆ ማውጣቱ ከአዲሱ ስለሚወደድ ነው። የሚወደደውም ያው የባውቱ ዕዳ በአዲሱ ዋጋ ውስጥ ስላልገባ ነው።

እዚህ ላይ የኔ ሙያ ይመጣል። ስልክ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በሶፍትዌር ነው። ማይክሮፎኑ ይሰማል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ ግን አንድ ቀን አፑ «ይህ ስልክ አይደገፍም» ይላል። ያንን ዓረፍተ ነገር የሚጽፈው እንደኔ ያለ ሰው ነው። የምሠራበት ቦታ ከጥቂት ወራት በፊት የድሮ አንድሮይዶችን እንተው የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የቀረበው ምክንያት ውሸት የለበትም፤ የድሮውን ማስቀጠል ሥራ ያበዛል፣ የደኅንነት ክፍተት አለው፣ ተጠቃሚዎቹም ጥቂት ናቸው። እኔ የተከራከርኩት በሥነ ምግባር አልነበረም፣ ስብሰባ ላይ ባውቱ ብትል ይሳቅብሃል። የድሮ ስልክ የያዙት እነማን እንደሆኑ ካርታ ላይ አሳየሁ፤ ከአዲስ አበባ እየራቅክ በሄድክ ቁጥር ይበዛሉ። ገጠር ላለ አስተማሪ አዲስ ስልክ ማለት የስንት ወር ደሞዝ እንደሆነ ጠየቅኩ። ለጊዜው አንድ ዓመት ተራዘመ። አንድ ዓመት ትልቅ ድል አይደለም፤ አንድ ዓመት ነው።

ሌላው ሰው ጎንደር ፒያሳ ላይ ነው ያለው፣ ስልክ ጠጋኝ። መሳቢያውን ሲከፍትልኝ ከሞቱ ስልኮች የተነቀሉ ድምፅ ማጉያዎች በትናንሽ ላስቲክ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ ሳምሰንግ ለብቻ፣ ቴክኖ ለብቻ፣ አይቴል ለብቻ።

«ይሄ አይሞትም ወንድሜ፤ የሚሞተው ስክሪንና ባትሪ ነው» አለኝ።

አንዱን በጉጠት አነሳና የጠረጴዛው ብሎኖች ላይ አስጠጋው፤ ብሎኖቹ ዘለው ተለጠፉበት። እዚያ እያለሁ አንዲት ሴት ስልኳን ለማሠራት መጣች። ከመስጠቷ በፊት ሲሙን አወጣች፣ ሜሞሪውን አወጣች፣ ፓተርኑን ስትከፍት በእጇ ሸፈነችው፤ ከዚያ ሥራው እስኪያልቅ ዓይኗን ከእጁ ላይ ሳትነቅል ቆማ ጠበቀች። ከሄደች በኋላ «ሁሉም እንዲህ ናቸው» አለኝ፣ ቅር ያለውም አይመስልም። «ስልክ ጠጋኝ ሌባ ነው ይላሉ። ግን የትም አይሄዱም፣ ይመጣሉ።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው ስልክ ዞረ፤ ድምፅ የማያወጣ አሮጌ ቴክኖ ነበር፣ ከመሳቢያው አንዱን መርጦ መግጠም ጀመረ።